ጣሊያንኛን ከፍሎረንስ ገበያ መልመድ

ጣሊያንኛ ሊማር ፍሎረንስ የሄደ ሰው መጀመሪያ የሚሮጠው ወደ ዱኦሞ፣ ወደ ከተማው ካቴድራል፣ ነው። ሂዱ፣ እዩት። ብሩኔሌስኪ የሠራው፣ በ1436 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው ጉልላት መታየት አለበት። ቋንቋውን ግን እዚያ አካባቢ አታገኙትም። አስተናጋጁ ገና አፋችሁን ስትከፍቱ በእንግሊዝኛ ይመልስላችኋል። እኔ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ሳምንታት እንዲህ አባከንኳቸው። ጠዋት ክፍል፣ ከሰዓት ከክፍል ጓደኞቼ ጋር በእንግሊዝኛ ወሬ።

አፌ የተፈታው ሳንታምብሮጆ ገበያ ነው። ከዱኦሞ በእግር ሩብ ሰዓት ያህል ነው። ጠዋት ሂዱ። አንድ ሻጭ ምረጡና በየቀኑ እሱ ጋ ተመለሱ፤ ደግሞ ትንሽ ትንሽ ግዙ። የሳምንቱን አስቤዛ በአንዴ ከሸመታችሁ የምታወሩት አንድ ቀን ብቻ ነው። አይብና ወይራ በ«ኤቶ» ይሸጣል፤ አንድ ኤቶ 100 ግራም ነው። «ኡን ኤቶ» በሉ፣ ነገ ደግሞ ኑ።

ሻጩ «አ ኪ ቶካ?» ካለ ተራው የማን ነው ማለቱ ነው። «ቶካ አ ሜ» በሉ፣ ፈጠን ብላችሁ። ዝም ካላችሁ ተራችሁ ያልፋል። «አልትሮ?» ሌላስ? ሲላችሁ «ባስታ ኮዚ» በሉ። ባስታ የኛው «በቃ» ነው። ፍራፍሬውን በእጃችሁ አትምረጡ፣ ነውር ነው። ለዛሬ ከሆነ «ፔር ኦጂ»፣ ለነገ ከሆነ «ፔር ዶማኒ» ስትሉ የበሰለውን ወይም ጠንከር ያለውን ሻጩ ራሱ ይመርጥላችኋል።

አንድ ቀን ሰባት ቲማቲም ልጠይቅ «ሴቴ» አልኩ፣ «ቴ»ን አላልቼ። ሻጯ ግራ ተጋባችና ውሃ ጠምቶሽ ነው? አለችኝ። ላልቶ ሲነገር ጥም ነው፣ ጠብቆ ሲነገር ሰባት። ይህ ለእኛ ትልቅ ዕድል ነው። «ገና» ላልቶና ጠብቆ ሁለት ነገር እንደሚሆን ከልጅነታችን እናውቃለን፤ ብዙ የውጭ ተማሪ የሚቸገርበትን ጆሯችን ቀድሞ ለምዶታል። ስለዚህ አዲስ ቃል ስትጽፉ ጠብቆ የሚነበበውን ፊደል አስምሩበት። «ባኞ»ን የመሰለ ቃልም «ኝ» ስላለን አያስቸግረንም።

የከተማው ሰው አነጋገር መጀመሪያ ያደናግራል። በአናባቢ መካከል ያለውን «ክ» ወደ «ህ» ይወስዱታል፤ «ላ ካሳ» (ቤቱ) «ላ ሃሳ» ይሆናል። ስሙት፣ ግን አትኮርጁት።

ቡና ቤት «ባንኮ»ው (መደርደሪያው) ጋ ቆማችሁ ጠጡ፤ ወሬው ያለው እዚያ ነው። ማኪያቶ ካዘዛችሁ ወተት ጠብ ያለበት ትንሽ ቡና ነው የሚመጣላችሁ። ወተት በዛ እንዲል «ካፌ ላቴ» በሉ። «ላቴ» ብቻ ካላችሁ ወተት ነው። ትልልቅ ሰዎችን በ«ሌይ» አነጋግሩ፣ የኛ «እርስዎ» ነው፤ ግሱ ግን ለ«እሷ» እንደሚሆነው ይሆናል።

ሰው ወደ እንግሊዝኛ ከዞረባችሁ «ስቶ ኢምፓራንዶ» በሉ፣ እየተማርኩ ነው። እኔ ይህን ብዬ ያስቀየመኝ ሰው አልገጠመኝም።

ከሰዓት ደግሞ ግድግዳ አንብቡ፣ ጮክ ብላችሁ። ቪያ ዴይ ኔሪ ከቪያ ሳን ሬሚጆ ጋር የሚገናኝበት ጥግ ላይ የአርኖ ወንዝ ጎርፍ የደረሰበትን ከፍታ የሚያሳዩ ጽሑፎች አሉ፤ አንዱ የ1333፣ ሌላው የ1966 ነው። ሁለቱም ጎርፍ የመጣው ኖቬምበር 4 ቀን ነው። ክፍል ውስጥ ደረቅ ሆኖብኝ የነበረው የሩቅ ኃላፊ ጊዜ፣ «አሪቮ» (ደረሰ)፣ የገባኝ እዚያ ቀና ብዬ ሳየው ነው። ሳነብ የሰሙኝ አንድ ሽማግሌ ቆሙ። መጨረሻዋን «ቮ» ጫን አድርጊያት ብለው አረሙኝ። ከዚያ እጃቸውን ወደ ላይ ዘርግተው፣ በ1966 ልጅ ሳሉ ውሃው እናታቸው ቤት የት ድረስ እንደወጣ ያሳዩኝ ጀመር።