ባሕር ዳር ላይ መጠጥ ለማቆም የሚያግዝ ቡድን እንዴት ይገኛል?

«የመጠጥ ሱስ መረዳጃ ቡድን» የሚል ቦርድ ፍለጋ ባሕር ዳርን ብትዞሩ ጫማችሁን ትጨርሳላችሁ። እንዲህ ያለ ስብስብ ገበና ስለሚጠብቅ በር ላይ ስም አይለጥፍም። የሚገኘው በሰው በሰው ነው። ዋናው ሥራ ማንን፣ እንዴት እንደምትጠይቁ ማወቅ ነው።

1. መጀመሪያ ሐኪም

በየቀኑ የሚጠጣ ሰው፣ በተለይ ጠዋት የሚንቀጠቀጥ እጁን በአረቄ የሚያረጋጋ ከሆነ፣ «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ብሎ በሩን ዘግቶ መተኛት የለበትም። ላቡ፣ መንቀጥቀጡና እንቅልፍ ማጣቱ ከመጨረሻው መጠጥ በኋላ ከ6 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ይጀምራል። አንዳንዱን በመጀመሪያዎቹ 2 ቀናት ይጥለዋል፣ ያንፈራግጠዋል። ከ2 እስከ 4 ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ የሌለ ነገር ማየትና መቃዠት፣ ያለበትን ቦታ መሳት፣ ትኩሳትም ሊመጣ ይችላል። ይሄ ካልታከመ ይገድላል። ቤተሰብ እንዲህ ሲያይ ወደ ጠበል ይሮጣል። ጠበሉን ማንም አልከለከለም፤ መጀመሪያ ግን ድንገተኛ ክፍል ይግባ።

ፈለገ ሕይወትም ሆነ ጥበበ ግዮን ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና አገልግሎት አላቸው። ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ «የአእምሮ ሕክምና» ማለት እንደሚከብድ አውቃለሁ። ከተማው ሰው ለሰው ይተዋወቃል፣ ወረፋው ላይ የጎረቤት ልጅ አይጠፋም። ካፈራችሁ በሰፈራችሁ ጤና ጣቢያ ጀምሩና ሪፈር ይጻፍላችሁ።

ባለሙያው የዓለም ጤና ድርጅት ያዘጋጃቸውን 10 ጥያቄዎች ሊጠይቃችሁ ይችላል፦ በሳምንት ስንቴ ትጠጣለህ፣ በአንድ ቁጭታ ስንት ትጠጣለህ፣ ጠዋት ሳትቀምስ መነሳት ያቅትሃል ወይ? አትቀንሱ። «ጠላ ምን መጠጥ ነው?» የሚባለው ነገር እዚህ አይሠራም። ጠጁም ቅራሪውም ይቆጠራል።

2. ከመውጣታችሁ በፊት ጠይቁ

ቀጠሮ ይዛችሁ ከመነሳታችሁ በፊት «መጠጥ ካቆሙ ሰዎች ጋር ልታገናኙኝ ትችላላችሁ?» በሉ። ባለሙያው የሌላ ታካሚ ስም አይሰጣችሁም፣ መስጠትም የለበትም። እናንተ ግን ስልካችሁን ትታችሁ ፈቃደኛ የሆነ ሰው እንዲደውልላችሁ ማድረግ ትችላላችሁ። ይህን መንገድ ብዙ ሰው አያስበውም።

ፔዳ ወይም ፖሊ ግቢ የምትማሩ ከሆነ የተማሪዎች የምክር አገልግሎት ጎራ በሉ። ንስሐ አባት ያላችሁ ለእሳቸው ንገሯቸው። ብዙ የሰው ገበና የያዙ ናቸው፣ መጠጥ የተወ ሌላ ልጅም አያጡም።

ከሁሉ በላይ ግን የምተማመንበት የሰፈሩን ሰው ነው። ሽምብጥም ሆነ ጊሽ ዓባይ፣ በየሰፈሩ መጠጥ የተወ ሰው አለ። ድሮ ደብል ሲያወርድ የሚታወቅ፣ አሁን ሰርግ ላይ ሚሪንዳ ይዞ የሚቀመጥ። ሰው ፊት አትጠይቁት። ለብቻው ቡና ጋብዙና «ጋሼ፣ እንዴት ተዉት?» በሉ። ከማን ጋር እንደሚገናኝ፣ በክፉ ቀን ለማን እንደሚደውል ራሱ ያወራችኋል።

3. ያገኛችሁትን ቡድን መዝኑ

በዓለም ላይ ታዋቂው እንዲህ ያለ ማኅበር አልኮሆሊክስ አኖኒመስ ነው። በ1935 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተጀመረው በሁለት ጠጪዎች፣ በአንድ የአክሲዮን ገበያ ሰውና በአንድ ሐኪም ነው። መዋጮ አያስገድድም። ለአባልነት የሚጠይቀው ለማቆም መፈለግን ብቻ ነው። ሰዎች ሙሉ ስማቸውን አይናገሩም፣ እዚያ የተሰማ እዚያው ይቀራል። በዙም የሚካሄዱ ስብሰባዎችም አሉት፤ እንግሊዝኛ ከቻላችሁና ኔትወርኩ ከፈቀደ ሞክሯቸው።

የሰፈሩን ቡድንም በዚሁ ለኩ። ሐሜት ካለበት ውጡ። «መድኃኒታችሁን ጣሉ» የሚል፣ ኑዛዜያችሁን በቪዲዮ ልቅረጽ የሚል፣ በሦስት ቀን አድናለሁ ብሎ ብር የሚቀበል ካለም ውጡ። የመጀመሪያው ቀን ግን ለማንም ስለሚከብድ፣ ስለደበራችሁ ብቻ አትቅሩ።

4. ከሌለ ሦስት ሆናችሁ ጀምሩ

ሦስት ሰው ይበቃል። ማኅበር የሚጠጣ አገር ላይ ተራ ገብቶ መሰብሰብ አዲስ ነገር አይደለም፤ ጋኑን ከመሀል ማውጣት ነው። ቀኑ ቋሚ ይሁን። ሰዓቱን መጠጥ በሚያምራችሁ ሰዓት፣ ለምሳሌ ከሥራ መውጫ 11 ሰዓት ላይ አድርጉት። ባጃጅ ሳይጠፋም ቤታችሁ ትገባላችሁ።

ቦታ ላይ ተጠንቀቁ። የጣና ዳር መዝናኛዎች ውብ ናቸው፣ ነገር ግን አጠገባችሁ ድራፍት እየተቀዳ ስለ ማቆም ማውራት ራስን መፈተን ነው። የጤና ጣቢያ ክፍል ለምኑ፣ ወይም የአንዳችሁ ቤት ይሁን። እሱም ካልሆነ በዘንባባው መንገድ እየተራመዳችሁ አውሩ።

ደንቡ አጭር ይሁን። እያንዳንዱ የራሱን ይናገራል፣ የሌላውን አይመክርም። ብር መበዳደር የለም። ጠጥቶ የመጣ ይቀመጣል፣ በዚያ ቀን ግን አይናገርም። ሁሉም የሁሉንም ስልክ ይይዛል፣ ሌሊትም ይነሳል።

ሴቶች ለብቻቸው ቢገናኙ ጥሩ ነው። ሴት ስትጠጣ ስሟ ቶሎ ስለሚጠፋ ተደብቃ ነው የምትጠጣው። አረቄ አውጥታ ልጆቿን ለምታሳድገው ደግሞ ነገሩ ይብሳል፤ ልታቆም የፈለገችው እንጀራዋ ነው። ከእሷ ጋር ስለ ሌላ ሥራ ካልተወራ ስብሰባው ባዶ ወሬ ይሆናል።

ስብሰባ ቢታጠፍ እንኳ የፋሲካን ሰሞን አትዝለሉ። 55ቱን ቀን ጾሞ ሳይቀምስ የከረመ ሰው «አሁንማ ተገድፏል» ሲባል ብርጭቆ የሚቀርብለት ያኔ ነው።