ትልቅ ዳታ በስታታ እንዴት ይታያል? ለጀማሪዎች

ስታታ በሚባለው የስታቲስቲክስ ፕሮግራም ላይ ትልቅ ፋይል የከፈተ ጀማሪ ብዙ ጊዜ ሰንጠረዡን አውጥቶ ወደ ታች መውረድ ይጀምራል። ለ40 ረድፍ ይህ ያዋጣል። ረድፉ 15,683፣ ዓምዱ በሺዎች ሲሆን ግን ዓይን ይደክማል እንጂ ስሕተት አይገኝም። ትልቅ ዳታ የሚታየው በጥያቄ ነው፦ ስንት ነው? ምን ይዟል? የትኛው ቁጥር እውነተኛ ልኬት፣ የትኛው ኮድ ነው? የጎደለው የት ነው? ሰንጠረዡ የሚከፈተው እነዚህ ጥያቄዎች ወደ አንድ ቦታ ሲጠቁሙ ነው።

ለምሳሌ የምንጠቀመው የ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት የሴቶች ፋይል ነው። ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 የሆኑ 15,683 ሴቶች በውስጡ አሉ። የሕብረተሰብ ጤና፣ የስታቲስቲክስና የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፍ ደጋግመው የሚያወርዱት ፋይል ስለሆነ እዚህ የምንላቸው ችግሮች በሙሉ ይገጥሟችኋል።

ትዕዛዞቹን በአነባበባቸው ጽፈናቸዋል። ስታታ ላይ ሲጻፉ በእንግሊዝኛ ትንንሽ ፊደላት ብቻ ነው፤ አንድ ትልቅ ፊደል ከገባ ትዕዛዙን አያውቀውም። የቫሪያብል (የአንድ ዓምድ) ስምም እንደዚሁ ነው።

ሳትከፍቱ መጠኑን እዩ

ያወረዳችሁት ፋይል ስሙ በ«ኢቲአይአር» ይጀምራል። ረጅሙን ስም በአጭር ተኩት። ከስታታ 14 ጀምሮ ፕሮግራሙ ዩኒኮድ ስለሚቀበል ፋይሉን «ሴቶች» ብትሉትም ይከፍተዋል። የአቃፊው ስም ክፍት ቦታ ካለው ግን መንገዱን በሙሉ በጥቅስ ምልክት ውስጥ አድርጉት፤ ያለ ጥቅስ አር(198) ስሕተት ይመጣል። አር(601) ካያችሁ ፋይሉ በተባለው ቦታ የለም ማለት ነው።

የመጀመሪያው ትዕዛዝ «ዲስክራይብ ዩዚንግ» ሲሆን ከኋላው የፋይሉ ስም ይከተላል። ዳታውን ወደ ኮምፒውተሩ ማስታወሻ (ራም) ሳይጭን የረድፎቹን ብዛት፣ የቫሪያብሎቹን ብዛት፣ ስማቸውንና ሌብላቸውን (አጭር መግለጫቸውን) ያወጣል። ዝርዝሩ ካስቸገራችሁ ከኮማ በኋላ «ሾርት» ጨምሩ፤ ብዛቱን ብቻ ይነግራችኋል። እዚህ ላይ 15,683 ካልወጣ የወረደው ሌላ ፋይል ነው፤ የወንዶች ወይም የቤተሰብ ፋይል በስሕተት ማውረድ የተለመደ ነው።

የቫሪያብሎቹ ብዛት ሁለተኛው እንቅፋት ነው። የስታታ «ቢኢ» እትም በአንድ ጊዜ ከ2,048 ቫሪያብል በላይ አይጭንም። «ኤስኢ» የሚባለው እትም ሲከፈት በ5,000 ይጀምራል፣ እስከ 32,767 ማሳደግ ይቻላል። የሴቶቹ ፋይል የእያንዳንዷን ሴት የወሊድ ታሪክ ለእስከ 20 ልጅ በተለያየ ዓምድ ስለሚይዝ ከ2,048 ያልፋል። «ኤስኢ» ያለው ሰው ዳታ ከመጫኑ በፊት «ሴት ማክስቫር 10000» ይበል («ሴት» እዚህ የእንግሊዝኛው set ነው)። ዳታ ተጭኖ እያለ ይህን ትዕዛዝ አይቀበልም፤ ስለዚህ መጀመሪያ «ክሊር ኦል»።

የሚያስፈልገውን ብቻ ጫኑ

ለአንድ ጥናት ከሺዎቹ ዓምዶች 30 ወይም 40 ይበቃሉ። «ዩዝ» ብላችሁ የምትፈልጓቸውን ቫሪያብሎች ዘርዝሩ፣ ቀጥሎ «ዩዚንግ»፣ ከዚያ የፋይሉን ስም፣ በመጨረሻ ኮማና «ክሊር»። በዚህ መንገድ «ቢኢ» ያለው ሰውም ትልቁን ፋይል በከፊል መክፈት ይችላል። ለጀማሪ የሚበቁት እነዚህ ናቸው፦ የሴቷ መለያ «ኬዝአይዲ»፣ የቆጠራ ቦታ «ቪ001»፣ የናሙና ክብደት «ቪ005»፣ የቃለ መጠይቁ ዓመት «ቪ007»፣ ዕድሜ «ቪ012»፣ ክልል «ቪ024»፣ ከተማ ወይም ገጠር «ቪ025»፣ የትምህርት ደረጃ «ቪ106»፣ የሰውነት ክብደት ለቁመት መለኪያ (ቢኤምአይ) «ቪ445»።

የምትፈልጉትን ቫሪያብል ስም ካላወቃችሁ «ዩዝ ኢን 1/100 ዩዚንግ» በሚለው የመጀመሪያዎቹን 100 ረድፎች ከሁሉም ዓምድ ጋር ጫኑ (ይህ «ኤስኢ» ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል)። ከዚያ «ሉክፎር» ብላችሁ የምትፈልጉትን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ። በስምና በሌብል ውስጥ ያንን ቃል የያዙትን ሁሉ ያወጣል። ስሞቹን ይዛችሁ 100ውን ረድፍ ጥላችሁ ሙሉውን ጫኑ። 100ውን ረድፍ በዋናው ስም «ሴቭ» ብላችሁ ከኮማ በኋላ «ሪፕሌስ» እንዳትጨምሩ አጥብቀን እናሳስባለን፤ ዋናውን ፋይል ይተካዋል።

ሰንጠረዡን መክፈት

ስታታ የዳታ ሰንጠረዥ በሁለት መልክ ይከፍታል፦ ለማየት ብቻና ለማረም። የማያው ምልክት ማጉያ መነጽር አለበት፣ የማረሚያው እርሳስ። ሁልጊዜ የመነጽሩን ተጫኑ ወይም «ብራውዝ» ብላችሁ ጻፉ። በማረሚያው ውስጥ አንድ ሴል ላይ ሳታስቡት ቁጥር ከነካችሁ ዳታው ተቀይሯል፤ ከ15,683 ረድፍ መሃል የትኛው እንደተቀየረ በኋላ በዓይን ፈልጎ ማግኘት አይቻልም።

ሰንጠረዡ ውስጥ ቀለሞቹን ማንበብ ልመዱ። ጥቁር ቁጥር ነው፣ ቀይ ጽሑፍ ነው። ሰማያዊው ጽሑፍ ይመስላል ግን ቁጥር ነው፤ የምታዩት በላዩ የተለጠፈውን ሌብል ነው። ጀማሪን ከምንም በላይ የሚያደናቅፈው ይኸኛው ነው። የክልል ዓምድ ላይ ሰማያዊ ስም ያየ ሰው «ብራውዝ ኢፍ» ብሎ የክልሉን ስም በጥቅስ ይጽፍና አር(109) ይደርሰዋል፤ ቁጥርን ከጽሑፍ ጋር እያወዳደረ ነውና። ሴሉን ስትጫኑት እውነተኛው ቁጥር ከላይ ባለው መስመር ይታያል። ሁሉንም በቁጥር ለማየት «ብራውዝ» ብላችሁ ከኮማ በኋላ «ኖሌብል» ጨምሩ።

የክልል ኮዶቹን ከሌብሉ ጋር አስተያዩ እንጂ አትገምቱ። የአዲስ አበባን ሴቶች ለማየት «ብራውዝ ኢፍ ቪ024» ብላችሁ ሁለት የእኩል ምልክት፣ ከዚያ በሴሉ ላይ ያያችሁትን የአዲስ አበባ ኮድ። አንድ እኩል ምልክት ብቻ ከሆነ ስሕተት ነው።

የመጀመሪያዎቹ 50 ረድፎች

«ብራውዝ ኢን 1/50» ቀላል ነው፣ ግን ያሳስታል። ረድፎቹ የተደረደሩት በቆጠራ ቦታ ነው። ጥናቱ 645 የቆጠራ ቦታዎችን መርጦ ከእያንዳንዱ ወደ 28 ቤተሰብ ወስዷል፤ በአማካይ አንድ ቦታ ላይ 24 ያህል ሴቶች ተገኝተዋል። ስለዚህ የመጀመሪያዎቹ 50 ረድፎች የሁለት ሦስት ሰፈር ሴቶች ናቸው። ሁሉም ገጠር፣ ሁሉም አንድ ክልል ቢሆኑ አይግረማችሁ፤ ስለ አገሩ ግን ምንም አልነገሯችሁም።

የተሻለው መንገድ በዕጣ ማየት ነው። «ሴት ሲድ» ብላችሁ ማንኛውንም ቁጥር ስጡ፤ ሌላ ቀን ስትደግሙት ተመሳሳይ ዕጣ እንዲወጣ ነው። ከዚያ «ብራውዝ ኢፍ አርዩኒፎርም» ብላችሁ ጻፉ፤ ከኋላው ባዶ ቅንፍ ይከተላል፣ ቀጥሎ የ«ያንሳል» ምልክትና 0.01። ከመቶ አንዱን፣ ማለትም 157 ያህል ረድፎችን ከየቦታው ያመጣል። «ሳምፕል 1» የሚለውን ትዕዛዝ ለዚህ አትጠቀሙበት። እሱ የሚያሳይ ሳይሆን የቀረውን 99 በመቶ ከማስታወሻ የሚያጠፋ ነው።

ዓምዱን ጠይቁት

አሁን ሰንጠረዡን ዝጉና «ኮድቡክ» ብላችሁ ከኮማ በኋላ «ኮምፓክት» ጻፉ። ለእያንዳንዱ ቫሪያብል ስንት ረድፍ ዋጋ እንዳለው፣ ስንት የተለያየ ዋጋ እንዳለ፣ አማካዩን፣ ትንሹንና ትልቁን በአንድ መስመር ያሳያል። ትንሹና ትልቁ ላይ ብዙ ጊዜ አጥፉ፤ ችግር በብዛት የሚደበቀው እዚያ ነው።

ለምሳሌ «ቪ445» ላይ ትልቁ 9998 ሊሆን ይችላል። ቫሪያብሉ ሁለት የአስርዮሽ ቤት ያለ ነጥብ ይዟል፤ 2034 ማለት 20.34 ነው። 9998 ግን 99.98 አይደለም፤ ልኬቱ የማይታመን ሆኖ ምልክት የተደረገበት ነው። ይህን ሳያወጣ አማካይ የሚያሰላ ሰው የሴቶቹን ክብደት ከፍ አድርጎ ይዘግባል። መፍትሔው አዲስ ቫሪያብል መፍጠር ነው፦ «ጄነሬት» ብላችሁ አዲስ ስም፣ እኩል ይሆናል «ቪ445» ሲካፈል ለ100፣ ቀጥሎ «ኢፍ ቪ445» ከ9990 ሲያንስ። ዋናውን ዓምድ አትንኩት።

ዓመቱ ላይ 2008 ስታዩ ደግሞ አትደንግጡ። ጥናቱ የተካሄደው በ2016 እ.ኤ.አ. ቢሆንም ፋይሉ የያዘው የኢትዮጵያን አቆጣጠር ነው። በወር የተቆጠረው «ቪ008»ም እንዲሁ፤ ወደ ጎርጎርዮስ ለመቀየር 92 ወር ይደመርበታል። የጥር 2008 ኮድ 1301 ነው፤ 92 ሲጨመር 1393፣ ይኸውም ጃንዋሪ 2016። ከሌላ አገር ፋይል ጋር የምታነጻጽሩ ከሆነ ይህን መርሳት ወደ ስምንት ዓመት ያዛባል።

ምድብ ለሆኑት እንደ ክልልና ትምህርት «ታቡሌት» ይሻላል። ከኮማ በኋላ «ሚሲንግ» መጨመር ልማድ ይሁን፤ ያለሱ የጎደሉት ረድፎች ከሠንጠረዡ ይወጣሉ፣ ድምሩም ሳታውቁት ይቀንሳል። የጎደለ ቁጥር በሰንጠረዡ ላይ ነጥብ ሆኖ ይታያል። ስታታ ይህንን ነጥብ ከማንኛውም ቁጥር በላይ አድርጎ ይቆጥረዋል። «ካውንት ኢፍ» ቢኤምአይ ከ30 በላይ ስትሉ ያልተለኩት ሴቶች ሁሉ አብረው ይቆጠራሉ። ሁልጊዜ «እና ከነጥብ የሚያንስ» የሚል ሁኔታ ጨምሩበት።

የድግግሞሽ ፍተሻ አጭር ነው፦ «አይስአይዲ ኬዝአይዲ»። ምንም ካልመለሰ እያንዳንዷ ሴት አንድ ጊዜ ብቻ አለች።

ማስታወሻው ሲጠብ

ስታታ የጫናችሁትን ሁሉ በራም ላይ ይይዛል። የ2007 እ.ኤ.አ. የሕዝብ ቆጠራ 10 በመቶ ናሙና ከ7 ሚሊዮን ረድፍ በላይ አለው። ኤክሴል በ1,048,576 ረድፍ ስለሚቆም አይሞከርም። ስታታ ይከፍተዋል፣ ግን መጀመሪያ አስሉ፦ ረድፍ ሲባዛ በቫሪያብል፣ ሲባዛ በባይት። 7.4 ሚሊዮን ረድፍ፣ 60 ቫሪያብል፣ እያንዳንዱ 4 ባይት ቢሆን 1.8 ጊጋባይት ያህል ነው። 4 ጊጋባይት ራም ያለው ላፕቶፕ ላይ ብራውዘርና ወርድ ተከፍተው እያለ ይህ ማሽኑን ያቆመዋል። «ኮምፕረስ» የሚለው ትዕዛዝ ዋጋ ሳይቀይር እያንዳንዱን ዓምድ ወደሚበቃው ትንሹ ዓይነት ያወርዳል። ዕድሜና ጾታ ብዙ ጊዜ 1 ባይት ይበቃቸዋል። ከዚያ በአዲስ ስም አስቀምጡት።

ከታተመው ጋር አስተያዩ

የጫናችሁት ትክክል መሆኑን የሚያረጋግጠው የታተመው ሪፖርት ነው። «ታቡሌት ቪ025» ስትሉ 5,348 የከተማና 10,335 የገጠር ሴቶች ይወጣሉ። ሪፖርቱን ስትከፍቱ ግን 3,476 እና 12,207 ታነባላችሁ። ዳታው አልተበላሸም። ከተማዎችና ትንንሽ ክልሎች በቂ ሴቶች እንዲገኙባቸው ሆን ተብሎ ከድርሻቸው በላይ ተወስደዋል፤ የናሙና ክብደቱ ወደ እውነተኛው ድርሻ ይመልሳቸዋል። «ቪ005» ስድስት የአስርዮሽ ቤት ያለ ነጥብ ስለያዘ ለ1,000,000 አካፍላችሁ አዲስ ቫሪያብል ፍጠሩ። ከዚያ ያንኑ «ታቡሌት» ድገሙና በማዕዘን ቅንፍ ውስጥ «አይዌይት» እኩል ይሆናል አዲሱ ቫሪያብል ብላችሁ ጨምሩ። የሪፖርቱ ቁጥር ካልወጣ ወይ ክብደቱን ሳታካፍሉ ቀርታችኋል፣ ወይ ከጫናችሁ በኋላ ረድፍ ጥላችኋል፤ «ካውንት» ብላችሁ 15,683 መኖሩን አረጋግጡ።