ኤአይን እርስ በርሱ በላ ልበልሃ አስብሉት

አንድ ጓደኛዬ ዩኒቨርሲቲ አጠገብ በርገር ቤት ሊከፍት አስቦ ሐሳቡን ለኤአይ (እንደ ቻትጂፒቲ ላለ ሰው ሠራሽ አስተውሎት) ነገረው። መልሱን ስክሪንሾት አድርጎ ላከልኝ። የመጀመሪያው መስመር «ድንቅ ሐሳብ ነው!» ይላል። ከዚያ አሥር ነጥብ ተደርድሯል፦ ጥሩ ቦታ ምረጥ፣ ጥራት ጠብቅ፣ ቲክቶክ ላይ አስተዋውቅ፣ ምናምን። አንዱም ስህተት የለበትም። ግን አንዱም ስለ ፆም አያነሳም! አዲስ አበባ ላይ የፍስክ ምግብ ሊሸጥ ነው እኮ። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፣ ፍልሰታ 15 ቀን ነው፣ ይሄን ሁሉ ዘሎ «ድንቅ» ይለዋል።

ኤአዩ ስለ ፆም ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ብትጠይቁት ከነዝርዝሩ ይነግራችኋል። ጠያቂው ግን ቤቱን ለመክፈት የቸኮለ ሰው ነበርና መስማት የፈለገውን አሰማው። እነዚህ ነገሮች ሰው ማስደሰት ይወዳሉ። የቻትጂፒቲ ባለቤት ኦፕንኤአይ ራሱ በአፕሪል 2025 እ.ኤ.አ. የለቀቀው የቻትጂፒቲ ማሻሻያ ተጠቃሚውን ከልክ በላይ ያሞካሻል ተብሎ በቀናት ውስጥ መልሶ አንስቶታል።

እኔ የማደርገውን ልንገራችሁ። አንድ አማካሪ አልጠይቅም። አራት ሰው ፈጥሬ አሟግታለሁ።

መጀመሪያ ግን አንድ ልማድ ተዉ። ሁሉም ሰው «አንተ የ20 ዓመት ልምድ ያለህ የቢዝነስ ኤክስፐርት ነህ» ብሎ ነው የሚጀምረው። ይሄ የሚቀይረው የአነጋገሩን ቃና ነው፣ ኮስተር ይልላችኋል፣ በቃ። በ2024 እ.ኤ.አ. የታተመ አንድ ጥናት 162 ዓይነት ሚናዎችን ሞክሮ፣ የዕውቀት ጥያቄ ላይ ሚና መስጠቱ መልሱን ይበልጥ ትክክል እንዳላደረገው አሳይቷል። ማዕረግ ስለሰጣችሁት አዲስ ነገር አያውቅም። ገጸ ባህሪ የሚጠቅመው ለሌላ ነገር ነው፦ ዓይኑን ወደ ሌላ አቅጣጫ ያዞርላችኋል። ስለዚህ ማዕረጉን ትታችሁ ጭንቀት ስጡት። ምን ያውቃል? ምን ያጣል? ምንስ አያውቅም? እነዚህን ሦስቱን ከመለሳችሁ ገጸ ባህሪው ቆሟል።

ለበርገር ቤቱ የጻፍናቸው እነዚህ ናቸው። አንዷ ተማሪ ናት፦ «የሁለተኛ ዓመት ተማሪ ነሽ። ለምሳ ከ150 ብር በላይ አታወጪም። ረቡዕና ዓርብ ትፆሚያለሽ፣ ሁዳዴንም ሙሉውን። ሁልጊዜ ከጓደኞችሽ ጋር ነው የምትበዪው። ስለ ንግድ ምንም አታውቂም፣ ስለ ንግድ ምክር እንዳትሰጪ።» ያቺ የመጨረሻዋ ዓረፍተ ነገር ትንሽ ትመስላለች። ካልጻፋችኋት ግን ተማሪዋ በሦስተኛው መስመር ላይ ስለ ገበያ ጥናት ማስተማር ትጀምራለች።

ሁለተኛዋ አክስቱ፦ «400,000 ብር ያበደርሽው አክስቱ ነሽ። ብሩ ለልጅሽ ትምህርት ያስቀመጥሽው ነው። በዓመት ውስጥ እንዲመለስ ትፈልጊያለሽ። ወሬ አይገባሽም፣ ቁጥር ብቻ ነው የምትሰሚው።» ሦስተኛው ግሪሉ ላይ የሚቆመው ልጅ ነው፤ መብራት ሲጠፋ፣ ዳቦ አቅራቢው ሲቀር፣ ሥጋ ሲያድር መጀመሪያ የሚያየው እሱ ነው። አራተኛዋ ደግሞ እዚያው ሰፈር ለዓመታት ፍርፍርና በያይነቱ የሚሸጡ ሴትዮ ናቸው። እሳቸውን «እርስዎ» እያላችሁ ጻፉላቸው፣ ምክንያቱን ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ከአራት በላይ አትጨምሩ። አንዴ ሰባት አድርጌ ነበር፤ ግማሾቹ የሌላውን አፍ እየደገሙ ነው ያለቀው።

አሁን አንድ ላይ ከማገናኘታችሁ በፊት ለየብቻ አናግሯቸው። ብዙ ሰው የሚዘለው ይሄን ነው። ኤአይ የሚጽፈው ከላይ የተጻፈውን እያየ ስለሆነ፣ ተማሪዋ «ዋጋው ተወዷል» ብላ ከጀመረች ሌሎቹም ዞረው እዚያው ዋጋ ላይ ይቀመጣሉ። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አዲስ ቻት ክፈቱና ያንኑ የቤቱን ዝርዝር አስገቡ (ኪራይ፣ ቅድሚያ ክፍያ፣ የሠራተኛ ቁጥር፣ የአንዱ በርገር ዋጋ)፤ ከዚያ «ያሰጋህን ብቻ ንገረኝ» በሉ። የሰው ስምና የባንክ ቁጥር ግን እዚያ ውስጥ አይግባ።

እኛ ጋ ያልጠበቅነውን ያወጡት ሴትዮዋ ናቸው። «ልጄ፣ ክረምት ሲገባ ተማሪው አገሩ ይገባል። ያን ጊዜ ለማን ነው የምትጠብሰው? ኪራይ እንደሆን ክረምት አያውቅም» አሉ። ጓደኛዬ ዝም አለ። ለካ ፆሙን ብቻ ሳይሆን የግቢውን መዘጋትም ረስቶት ነበር፤ እኔም አላሰብኩትም።

ቀጥሎ ክርክሩ ነው። አገራችን ድሮ በላ ልበልሃ የሚባል ሙግት ነበር። ባለጉዳዮቹ ዳኛ ፊት ቆመው በግጥም ሳይቀር ይሟገታሉ፣ በማር፣ በፈረስ ይወራረዳሉ። እኔ ውርርዷን ነው የወሰድኩት። አራቱንም መልሶች ወደ አንድ ቻት ገልብጡና እንዲህ በሉት፦

«እነዚህ አራት ሰዎች አንድ ክፍል ውስጥ ናቸው። እያንዳንዱ የሌላውን ሰው አንድ ንግግር ቃል በቃል ጠቅሶ ይሞግት። ማንም በጨዋነት እንዳይስማማ። ሲጨርሱ እያንዳንዱ ካለው 100 ነጥብ ስንቱን እንደሚያስይዝ ይናገር፣ ለምን እንደሆነም በአንድ መስመር። እኔ ያልሰጠሁህን ቁጥር ከጠቀስክ ‘ግምት’ ብለህ ጻፍበት።»

ነጥቡ ሳይንስ አይደለም፤ 70 ስላለ 70 በመቶ እርግጠኛ ነው ማለት እንዳይመስላችሁ። ጥቅሙ ሌላ ነው። አስይዝ ሲባል ነገሩ መለየት ይጀምራል። የግሪሉ ልጅ ስለ መብራት ሲጮህ ቆይቶ ያስያዘው 20 ብቻ ነበር፤ ጄኔሬተር ከጎረቤት ጋር መጋራት ይቻላል አለ። አክስቲቱ ግን ክረምቱ ላይ 90 አስያዙ። የቱ ጉዳይ እንደሚከብድ ወዲያው ታያችሁ ማለት ነው።

«ግምት» የምትለዋን ቃል እንዳትረሷት። ያለሷ አክስቲቱ የዘይት ዋጋን ከአየር ላይ ፈጥረው ፍርድ ይሰጡበታል፣ ያውም በሙሉ ልብ።

ፍርዱን ለኤአዩ አትስጡት። «ታዲያ ማን ልክ ነው?» ያላችሁት ቀን አራቱንም አቅፎ «ሁሉም ጠቃሚ ሐሳብ አንስተዋል» ብሎ ያሰናብታችኋል። ይልቅ እንዲህ ብላችሁ ዝጉት፦ «ከመወሰኔ በፊት በእግሬ ሄጄ ላጣራቸው የሚገቡ ሦስት ነገሮችን ጥቀስ፤ መልሳቸው ምን ሲሆን ውሳኔዬ እንደሚቀየርም ንገረኝ።» ለጓደኛዬ ከመጡት አንዱ ዓርብ ምሳ ሰዓት እዚያ ሰፈር ቆመህ ቁጠር የሚል ነበር። ሄዶ ከ6 እስከ 8 ሰዓት ቆመ። ፊት ለፊት ያለው ፍስክ ቤት ሁለት ጠረጴዛ ይዞ ሲያዛጋ፣ በያይነቱ ቤት ሰልፍ ነበር።

አሁን ስለ አማርኛው። በአማርኛ ስታሟግቱ አንዳንዴ ጾታ ይምታታበታል፤ አንድ ጊዜ አጎት ብዬ የፈጠርኩት ሰው መሀል ላይ «እኔ እንደ እናት» ብሎኛል። ለዚህ ነው ለእያንዳንዱ ገጸ ባህሪ አንተ፣ አንቺ ወይም እርስዎ ብላችሁ ከመጀመሪያው መጻፍ ያለባችሁ። ሌላው፣ በፊደላችን የተጻፈ ቃል ለኤአዮቹ ተቆራርጦ ብዙ ሆኖ ስለሚቆጠር፣ ነጻውን የምትጠቀሙ ከሆነ ገደቡ ቶሎ ይሞላል። ሲያስቸግራችሁ ክርክሩን በእንግሊዝኛ አድርጋችሁ ማጠቃለያውን ብቻ በአማርኛ ጠይቁ። እኔ ግን የሴትዮዋን «ልጄ»ን በእንግሊዝኛ መስማት አልፈልግም።

የሚሠሩላችሁን ገጸ ባህሪያት አንድ ቦታ አስቀምጡ። ቻትጂፒቲ ላይ ቋሚ መመሪያ የሚጻፍበት ቦታ አለ፣ ክላውድ (Claude) የሚባለው ሌላው ኤአይ ላይ ደግሞ ፕሮጀክት በሚባለው ክፍል ውስጥ ይገባል። ቋሚ መመሪያው ላይ ግን አራቱንም እንዲሁ አትዘርግፉ፣ ያለዚያ ስለ ሽሮ አሠራር ስትጠይቁ ችሎት ይቆምላችኋል። እኔ ከሥራቸው የጨመርኩት አንድ መስመር ነው፦ «‘ችሎት’ ካልኩ ብቻ ገጸ ባህሪያቱን አምጣ።»

ጓደኛዬ ውሉን እስካሁን አልፈረመም። ትናንት ደውሎ «የምስር በርገር ምን ይመስልሃል?» አለኝ። አክስትህን ጠይቅ አልኩት። ቻቱን ሊከፍት ነው። አይ፣ የእውነቷን።