አሮጌ የፓይተን ስክሪፕት በማረሚያ ሲጸዳ፦ ችግርና መፍትሄ

ሜክሲኮም ሆነ ካዛንቺስ ባሉ ቢሮዎች ደመወዝ ወይም የዓመት ፈቃድ የሚያሰላ የፓይተን 2 ስክሪፕት አይጠፋም። የጻፈው ልጅ ሥራ ከለቀቀ ቆይቷል፤ ስክሪፕቱ ግን ወር በመጣ ቁጥር ይሠራል። ፓይተን 2 ድጋፉ የተቋረጠው እ.ኤ.አ. በ2020 መግቢያ ስለሆነ፣ ኮዱን ወደ 3 ማሻገርና የኮድ ስህተት በሚጠቁመው ማረሚያ፣ በፍሌክ8፣ እየታገዙ ማጽዳት አይቀርም። ያኔ የሚገጥማችሁ ይህ ነው።

ማስጠንቀቂያው ማለቂያ የለውም

አብዛኛው የመስመር ርዝመት ነው። የፓይተን የአጻጻፍ ደንብ አንድ መስመር ከ79 ሆሄ እንዳይበልጥ ይላል፤ ቢበልጥም ደመወዝ አይሳሳትም። በመጀመሪያ ፍሌክ8ን ኢ9፣ ኤፍ63፣ ኤፍ7 እና ኤፍ82 በሚባሉ መለያዎች የሚጠቁማቸውን ከባድ ስህተቶች ብቻ እንዲያሳይ እዘዙት። የውበቱ ጉዳይ ይደርሳል።

ኢ999 ይልና ሌላው ይቀንሳል

ኢ999 ኮዱ በፓይተን 3 ሊነበብ አልቻለም ማለት ነው፤ ብዙውን ጊዜ ያለ ቅንፍ የተጻፈ ፕሪንት አለ። ፍሌክ8 ኮዱን ማንበብ ስላቃተው፣ ያልተገለጹ ስሞችን የሚፈልገው ክፍሉ ጭራሽ አልሠራም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው ቀነሰ ብላችሁ አትደሰቱ። መጀመሪያ የፓይተን 2 ኮድን ወደ 3 በሚቀይረው ቱቱስሪ (2to3) በሚባለው መሣሪያ ቀይሩት። መሣሪያው ከፓይተን 3.13 ጀምሮ ስለተወገደ ፓይተን 3.12 ወይም ከዚያ በፊት ያለ ያስፈልጋችኋል።

ታቡን ወደ ስፔስ ስቀይር ስሌቱ ተለወጠ

ፓይተን 2 አንድን ታብ እስከ 8 ስፔስ ድረስ ይቆጥረዋል፤ የእናንተ ኤዲተር ግን 4 አድርጎት ይሆናል። ታብና ስፔስ የተቀላቀሉበት መስመር ከነበረበት ቅድመ ሁኔታ ሾልኮ ይወጣል። በ8 ቀይሩ፣ ከዚያ በኋላ ወደ 4 አጥብቡት።

ማረሚያው ምንም አላገኘም፣ ቀኑ ግን ይዛባል

ከሁሉም የሚያስፈራው ይህ ነው። የኢትዮጵያን ቀን ወደ ፈረንጅ የሚቀይር ቀመር፣ ያለፉትን ስድስተኛ ጳጉሜኖች ለመቁጠር ዓመተ ምሕረቱን ለ4 ያካፍላል። በፓይተን 2 የ2015 ድርሻ 503 ነበር፤ በፓይተን 3 ግን 503.75 ይሆናል። ቱቱስሪ ይህን አይነካውም፣ ለፍሌክ8ም ንጹህ ማካፈል ነው።

መጨረሻ ላይ ቁጥሩን የሚያጠጋጋ መስመር ካለ የ2015 ቀኖች በሙሉ በአንድ ቀን ወደፊት ይገፋሉ። የ2018ቱ ይብሳል፦ ድርሻው 504.5 ነው፤ ፓይተን 3 ግማሽን ወደ ሙሉ ተጋማሽ ቁጥር ስለሚያጠጋጋ አንዱ ቀን ይሳሳታል፣ ማግስቱ ትክክል ይሆናል። በ2016 የሞከረ ሰው ግን ለ4 እኩል ስለሚካፈል ምንም አያይም። ሂሳብ ሹሟ «ባለፈው ደህና ነበር እኮ» የሚሉት ለዚህ ነው።

መፍትሄው በእያንዳንዱ / ፊት ቆሞ መጠየቅ ነው፤ ሙሉ ቁጥር የሚፈለግበት ቦታ // ይግባ። ብርና ሳንቲም ላይ ግን አትንኩት። ከዚያ በሚታወቁ ቀኖች ፈትሹ፦ ጳጉሜን 6 ቀን 2015 ሴፕቴምበር 11 ቀን 2023 ነው፣ መስከረም 1 ቀን 2017 ደግሞ ሴፕቴምበር 11 ቀን 2024።

በጊት ታሪክ ሁሉም መስመር የእኔ ሆነ

የኮድ ቅርጽ የሚያስተካክለውን ብላክ የሚባል መሣሪያ በኮዱ ሁሉ ላይ በአንድ ጊዜ ስለለቀቃችሁት ነው፤ የኮድ ለውጥ መዝጋቢው ጊት የተነካውን መስመር ሁሉ በእናንተ ስም ያሳያል። የቅርጽ ለውጡን ለብቻው ኮሚት አድርጉ (እንደ አንድ ለውጥ መዝግቡ)፣ የዚያን ኮሚት መለያም ጊት የሚዘላቸው ኮሚቶች በሚዘረዘሩበት ፋይል ውስጥ ጻፉ። ይህ ከጊት 2.23 ጀምሮ ይሠራል። የማካፈሉ እርማት ከዚህ ጋር አይደባለቅ፤ ስህተት ቢገኝ እሱን ብቻ መመለስ ትችላላችሁ።