መብራት ሲጠፋ በስልክ ብቻ የ2 ደቂቃ ኤክስፐርመንታል ፊልም እንዴት ይሰራል

ኤክስፐርመንታል ፊልም ሲባል ብዙ ሰው ማንም የማይገባው ነገር መስራት ይመስለዋል። ኧረ አይደለም። እንደውም ታሪክም አክተርም የሌለው ነገር ሰውን 2 ደቂቃ ቁጭ አድርጎ ማሳየት ይከብዳል፣ ምክንያቱም ተመልካቹ "ከዛስ?" ብሎ የሚጠብቀው ነገር የለም። ስለዚ ታሪኩን የሚተካ ነገር ያስፈልጋል፣ እሱም ህግ ነው።

እና መጀመሪያ ወረቀት ላይ ህጋችሁን ፃፉ። የኔ ይሄ ነበር፦ የምቀርፀው መብራት ጠፍቶ እስኪመጣ ነው፣ ከአንድ ክፍል አልወጣም፣ የሰው ፊት አይታይም። ሶስት ነገር፣ በቃ። ህግ ከሌላችሁ ስልካችሁ ውስጥ 200 ክሊፕ ታከማቻላችሁ እንጂ ፊልም አይወጣችሁም (ከራሴ አውቀዋለሁ)። ማያ ዴረን የምትባለው ሴትዮ በ1943 እ.ኤ.አ. ከባሏ ጋር ሎስ አንጀለስ መኖሪያ ቤታቸው ውስጥ በ16 ሚሊሜትር ካሜራ የሰራችው 14 ደቂቃ ገደማ የሚሆን ፊልም አለ፣ እስካሁን በየፊልም ትምህርት ቤቱ ያሳዩታል፣ ውስጡ ያለው ግን ቁልፍ፣ ቢላ፣ ደረጃ፣ በፊቱ ቦታ መስታወት ያለው አንድ ሰው ምናምን ነው፣ እነሱው እየተመላለሱ ይመጣሉ። ድግግሞሹ ነው ስራውን የሚሰራው። እናንተም ሁለት ሶስት እቃ ምረጡ። እኔ ሻማ፣ የክብሪት ቀፎና ፍሪጅ መረጥኩ።

ቀጥሎ ካሜራውን አትንኩት፣ ድምፅ ቅዱ። መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ የሚሰማው ምን እንደሆነ አስተውላችሁ ታውቃላችሁ? የፍሪጁ ዝምታ ነው። ቀኑን ሙሉ እም እያለ ኖሮ የምትሰሙት ሲያቆም ነው። ከዛ የጎረቤት ቲቪ ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ ይቆረጣል፣ አንዱ ቤት "ኤጭ!" ይላል፣ ቆይቶ የሱቁ ጄኔሬተር ይነሳል፣ መጨረሻ ላይ ደሞ የሰፈር ልጆች "መጣ! መጣ!" ብለው ይጮሃሉ። ይሄ ራሱ ፊልሙ ነው። ማታ መብራቱ ብልጭ ድርግም ማለት ሲጀምር የስልካችሁን ድምፅ መቅጃ ከፍታችሁ ተዉት። ቆጣሪ አጥፍቶ ማስመሰልም ይቻላል፣ ግን ልጆቹ አይጮሁላችሁም። ውጪ የምትቀዱ ከሆነ ነፋስ እንዳይገባ ስልኩን ንፁህ ካልሲ ውስጥ ክተቱት፣ ያስቃል ግን ይሰራል።

አሁን ወደ ቀረፃ። ስልኩን ኤሮፕሌን ሞድ ላይ አድርጉት፣ ይሄን እንዳትረሱ። እኔ 40 ደቂቃ ጠብቄ ልክ ሻማው ሊያልቅ ሲል አክስቴ ደወለች፣ ቀረፃው ቆመ፣ እሷም "መብራት አላችሁ?" ብላ ልትጠይቅ ነው የደወለችው። ሌንሱን በቲሸርታችሁ ጥረጉ። ስታንድ ከሌላችሁ ብርጭቆ ውስጥ ሩዝ ሞልታችሁ ስልኩን ትከሉት፣ አይንቀሳቀስም። ስልክ ጨለማ አይወድም፣ ካልከለከላችሁት ራሱ ያፈካና ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላል። ስለዚ ስክሪኑ ላይ ሻማውን ለረጅም ጊዜ ተጫኑት፣ ፎከሱና ብርሃኑ ይቆለፋል፣ ከዛ ብርሃኑን ጥቁሩ የምር ጥቁር እስኪሆን ወደ ታች ሳቡት።

ሻማው ሲያልቅ ለማሳየት ቪዲዮ አያስፈልግም፣ ፎቶ ይበቃል። በየ10 ሰከንዱ አንድ ፎቶ ብታነሱ በ1 ሰዓት 360 ይሆናል፣ በሰከንድ 12 ፎቶ ስታጫውቱት 30 ሰከንድ ይወጣዋል። የክብሪት ቀፎውንም እንደዚሁ ትንሽ ገፋ፣ ፎቶ፣ ትንሽ ገፋ፣ ፎቶ፣ ራሱ የሚሄድ ይመስላል። ኒውዮርክ የሚኖረው አርቲስት ዕዝራ ውቤ እዛው አንድ ሸራ ላይ እየቀባ፣ ፎቶ እያነሳ፣ መልሶ በላዩ ላይ እየቀባ አኒሜሽን ይሰራል፣ መጨረሻ ላይ ሸራው ላይ የሚቀረው የመጨረሻው ስዕል ብቻ ነው። የኛ ክብሪት ከዛ ጋር ሲተያይ እረፍት ነው።

መብራት ሲመጣ ደሞ ሌላ ጣጣ አለ። አምፖል ወይም ፍሎረሰንት ስር ስትቀርፁ ምስሉ ላይ ጥቁር መስመር ሲወርድ አይታችኋል? የኛ ሀገር መብራት 50 ኸርዝ (በሰከንድ 50 ዙር) ስለሆነ አምፖሉ በየዙሩ ሁለቴ፣ በሰከንድ 100 ጊዜ ይርገበገባል፣ ስልኩ ደሞ ብዙ ጊዜ በሰከንድ 30 ፍሬም (ምስል) ነው የሚቀርፀው፣ ሁለቱ አይገጥሙም። መፍትሄው ፍሬሙን በሰከንድ 25፣ ሸተሩን (እያንዳንዱ ፍሬም ብርሃን የሚቀበልበትን ጊዜ) አንድ ሃምሳኛ ሰከንድ ማድረግ ነው። የስልኩ ካሜራ ይሄን ካልፈቀደ ብላክማጂክ ካሜራ የሚባለውን አፕ አውርዱ፣ ነፃ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤልና ዱባይ ያላችሁ እንደኛው 50 ናችሁ፣ አሜሪካና ሳውዲ 60 ስለሆነ እናንተ በ30 ፍሬምና አንድ ስልሳኛ ስሩ።

ኤዲት ላይ ስልካችሁ ላይ ካፕካት ይበቃችኋል፣ ኮምፒውተር ካላችሁ ደሞ ዳቪንቺ ሪዞልቭ። መጀመሪያ ድምፁን ዘርጉ፣ ምስሉን እሱ ላይ ቁረጡ። ሙዚቃ አትጨምሩ፣ እባካችሁ። እኔ ፊልሙን ስክሪኑ 15 ሰከንድ ጥቁር ሆኖ ድምፅ ብቻ እየተሰማ እንዲጀምር አድርጌ ለእናቴ ሳሳያት "ተበላሸ እንዴ?" ብላ ስልኩን ነካካችው። ወደ 9 አወረድኩት፣ ሁለተኛ ጊዜ ሳሳያት ዝም ብላ አየች። ለፊልም የማይጨነቅ ሰው ላይ ሞክሩት፣ ፊልም የሚሰራ ጓደኛ ዝም ብሎ "አሪፍ ነው" ነው የሚላችሁ።

ከዛ የት ይታይ? ፕሮጀክተር ተውሳችሁ ነጭ አንሶላ ግድግዳ ላይ ወጥሩ። አዲስ አበባ ላይ ዕዝራ ያቋቋመው አዲስ ቪዲዮ አርት ፌስቲቫልም አለ፣ ጥሪ ሲያወጡ ተከታተሉ። ቪዲዮ አርት (እንደ ስዕል በኤግዚቢሽን የሚታይ ቪዲዮ) ብዙ ጊዜ ሲያልቅ ከመጀመሪያው እየጀመረ፣ እየዞረ ነው የሚታየው፣ ሰው መሃል ላይ ገብቶ መሃል ላይ ይወጣል፣ ስለዚ መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር መግጠም አለበት። የኔው በፍሪጅ ድምፅ ይጀምራል፣ ይጠፋል፣ ሻማው ያልቃል፣ ልጆቹ "መጣ!" ይላሉ፣ ፍሪጁ እም ብሎ ይነሳል። እዛው እም ላይ ነው የቆረጥኩት፣ ሲዞር መጋጠሚያው አይሰማም።