በምዕራብ አየርላንድ የተርፍ ሥራን ከረግረጉ እስከ ምድጃው በፎቶግራፍ እንዴት መሰነድ ይቻላል

ተርፍ ከረግረግ ተቆርጦ፣ በነፋስና በፀሐይ ደርቆ እንደ ኩበት የሚነድ ጥቁር አፈር ነው። በሜዮ፣ በጎልዌይ፣ በዶኒጎልና በኬሪ ገጠሮች ዛሬም ቤታቸውን በእሱ የሚያሞቁ ቤተሰቦች አሉ። ሥራው በኤፕሪልና በሜይ በቆረጣ ይጀምራል፣ በበጋው ማድረቁ ይቀጥላል፣ በኦገስትና በሴፕቴምበር ተርፉ ወደ ቤት ይገባል። አንድ ቅዳሜ ሄዶ አካፋ የያዘ ሽማግሌ አንስቶ መመለስ ፖስትካርድ ያስገኝ ይሆናል እንጂ ሰነድ አይሆንም። አንድ ቤተሰብ መርጦ ወቅቱን ሙሉ መከተል አሥር መንደር ከመዞር ይበልጣል።

መጀመሪያ ፈቃድ

ካሜራ የያዘ እንግዳ በረግረግ ላይ በጥርጣሬ ቢታይ ምክንያት አለው። በአውሮፓ ኅብረት የተፈጥሮ ጥበቃ ሕግ መሠረት በ53 ጥብቅ ረግረጎች ላይ ቆረጣ ተከልክሏል፤ ከኦክቶበር 31፣ 2022 ጀምሮ ደግሞ በተርፍ ሽያጭ ላይ ገደብ ወጥቷል። ሰዎቹ ተቆጣጣሪ የመጣባቸው ሊመስላቸው ይችላል። ስለዚህ የሚያውቃቸው ጎረቤት ያስተዋውቅዎ። በመጀመሪያው ቀን ካሜራውን ከቦርሳ ሳያወጡ ይዋሉ፤ ቁራጭ ማንሳትና መደርደር ላይ ያግዙ። የትኛው ፎቶ ለሕዝብ እንደሚወጣ፣ የቦታው ስም ይገለጽ እንደሆነና እንዳልሆነ አስቀድመው ይስማሙ። የሕፃናት ፎቶ ከሆነ የወላጅን ፈቃድ በጽሑፍ ይያዙ። በካሜራውም በስልኩም ላይ ቦታ የሚመዘግበውን ጂፒኤስ ያጥፉ፤ ይህን የዘነጋ ሰው በቃል የደበቀውን ቦታ በፋይሉ ይገልጠዋል።

ዕቃ

አንድ የካሜራ አካል፣ 35 ሚሊሜትር እና 85 ሚሊሜትር ሌንሶች ይበቃሉ፤ በ24-70 ሚሊሜትር ዙም የሚሠራም አይቸገርም። ሌንስ የሚቀይሩት መኪና ውስጥ ይሁን፣ የደረቀ ተርፍ ብናኝ ሴንሰር ላይ ይለጠፋልና። ጉልበት ድረስ የሚደርስ የጎማ ቦት፣ ሦስት የሌንስ መጥረጊያ ጨርቅ፣ የዝናብ ልብስ ለካሜራውም ለራስዎም ያስፈልጋል። ባለሦስት እግር መቆሚያውን ይተዉት፤ መሬቱ ለስላሳ ስለሆነ እግሮቹ እየሰመጡ ፍሬሙን ያዘነብሉታል።

ቆረጣው

ቆራጮቹ ጥቂት ደረቅ ቀናት በተከታታይ ሲተነበዩ ነው የሚወጡት፤ ስለዚህ የአየር ትንበያውን እነሱ በሚያዩበት ዓይን ይከታተሉ። ብዙዎቹ ከመደበኛ ሥራቸው መልስ በምሽት ይሠራሉ። በጁን በምዕራቡ ዳርቻ ፀሐይ የምትጠልቀው ከምሽቱ አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ መልካሙ ብርሃንና ሥራው ይገጣጠማሉ።

በመጀመሪያ የላይኛው የሣር ሽፋን ይገፈፋል። ከዚያ ሽላን የሚባለው ጠባብ አካፋ ይመጣል። ከስለቱ ጎን በ90 ዲግሪ የወጣ ክንፍ ስላለው በአንድ ግፊት የቁራጩን ሁለት ጎን ይቆርጣል። ይህን ክንፍ የሚያሳይ አንድ ቅርብ ፎቶ የግድ ይውሰዱ፤ ያለ እሱ ተመልካች ተራ አካፋ ነው የሚመስለው። ቆራጩ እርጥቡን ቁራጭ ሲወረውር ሌላው ተቀብሎ ሜዳው ላይ ያሰጣዋል።

እዚህ ላይ የብዙ ሰው ፎቶ የሚበላሸው በአቋቋም ነው። ከላይ ከቆሙ የሚያገኙት ኮፍያና ትከሻ ብቻ ነው፣ ሰውየው አጎንብሷልና። ወደ ተቆረጠው ጉድጓድ ወለል ወርደው፣ በሰያፍ ፊት ለፊቱ፣ ካሜራውን ወገብ አካባቢ ይያዙ፤ ያኔ ፊቱ፣ እጁና መሣሪያው አንድ ፍሬም ውስጥ ይገባሉ። ከወርውሩ መስመር ሦስት ሜትር ያህል ይራቁ። የጉድጓዱን አፋፍ በፍጹም አይርገጡ፤ ይናዳል፣ ቀጥሎ የሚቆረጠውንም ረድፍ ያበላሻል።

ያመለጠዎትን ቅጽበት «እስቲ ድገሙልኝ» አይበሉ። ያው እንቅስቃሴ በቀን በመቶዎች ጊዜ ይደጋገማል፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ደግሞም ዛሬ አብዛኛው ተርፍ የሚወጣው በትራክተር በሚሠራ ማሽን ነው። ማሽኑን ከፍሬም ማስወጣት፣ ሰውየውን ያረጀ ኮት ማስለበስ፣ የሌለ አየርላንድ መፍጠር ነው። ትራክተሩንም ሽላኑንም ያንሱ።

ብርሃኑን መለካት

እርጥብ ተርፍ ጥቁር ነው፣ ሰማዩ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ነጭ ደመና ነው፤ ካሜራው በሁለቱ መካከል ይደናገራል። ፍሬሙ በጥቁር አፈር ሲሞላ ካሜራው ሊያነጣው ስለሚሞክር ኤክስፖዠሩን (ካሜራው የሚያስገባውን የብርሃን መጠን) ከ0.7 እስከ 1 ስቶፕ ይቀንሱ፤ አንድ ስቶፕ መቀነስ ብርሃኑን በግማሽ ማሳነስ ነው። ሰማዩ ሲበዛ ተቃራኒው ይሆናል፤ ፊቶች ይጠቁራሉ። ቀላሉ መፍትሔ አድማሱን ወደ ፍሬሙ የላይኛው ጠርዝ ከፍ አድርጎ ሰማዩን ማሳነስ፣ ከዚያ በፊቱ ላይ መለካት ነው። ደመናማ ቀን ላይ አይኤስኦ (የሴንሰሩ የብርሃን ስሜት) 400፣ ኤፍ (የሌንሱ ቀዳዳ ስፋት) 5.6፣ የመዝጊያ ፍጥነት 1/500 ሰከንድ ጥሩ መነሻ ነው። ለሚወረወረው ቁራጭ 1/1000 ያስፈልጋል፤ በ1/125 ቁራጩ በአየር ላይ የጠፋ ጭረት ይሆናል። ፎከስ በጥቁር አፈር ላይ መያዣ አጥቶ ከተንከራተተ፣ በሽላኑ እጀታ ወይም በሸሚዝ ጠርዝ ላይ ያሳርፉት። ፋይሉ ሮው፣ ማለትም ካሜራው ያላቀናበረው ጥሬ ፋይል ይሁን።

ማቆምና ማጓጓዝ

ከቆረጣው ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ የቁራጮቹ ገጽ ቆዳ ያወጣና ሲነሱ መሰበር ያቆማሉ። ያኔ አምስት ስድስት ሆነው እርስ በርስ ተደጋግፈው ይቆማሉ፣ ነፋስ በመካከላቸው እንዲያልፍ። ወገብ የሚቆርጥ ሥራ ስለሆነ ቤተሰብና ጎረቤት በደቦ ይወጣል። ተንበርክከው ከዝቅታ ያንሱ። ከመጀመሪያው ቁራጭ እስከ መጨረሻው ያለውን የእጅ ሥራ በአምስት ተከታታይ ፎቶ ይያዙት፤ ይህን ተከታታይ ያየ ሰው ሥራውን ራሱ መሥራት መቻል አለበት፣ መለኪያው እሱ ነው። ከዚያ ወደኋላ ርቀው፣ ፀሐይ ከጎን ስትመታ፣ እስከ አድማስ የተሰለፉትን ክምሮች ይውሰዱ።

ተጎታች ጋሪ ላይ መጫኑና ከቤቱ አጠገብ መከመሩ በአንድ ከሰዓት ያልቃል። ክምሩን ከነቤቱ ያንሱ፣ ቤቱ የሣር ክዳን የሌለው ተራ ዘመናዊ ቤት ቢሆንም።

ወጥ ቤት ውስጥ

ከብርድ ወደ ሞቀ ቤት ሲገቡ ሌንሱ በጉም ይሸፈናል። ካሜራውን ውጭ ሳሉ ቦርሳ ውስጥ ዘግተው ይግቡ፣ ከ20 እስከ 30 ደቂቃም ሳይከፍቱት ይቆዩ። ፍላሽ አይጠቀሙ፤ የተርፍ እሳት ነበልባሉ አነስተኛ፣ ፍሙ ደብዛዛ ነው፣ ፍላሽ ያጠፋዋል። በመስኮት ብርሃን አይኤስኦ 1600፣ ኤፍ 2፣ 1/60 ይሞክሩ፤ አዲስ ቁራጭ ሲጨመር እሳቱ ለአፍታ ስለሚነሳ ያን ጊዜ ይጠብቁ። ዋይት ባላንሱን (የቀለም ሚዛን ማስተካከያውን) 4000 ኬልቪን አካባቢ አድርገው የእሳቱን ብርቱካናማነት ይተዉለት፤ ነጭ እስኪሆን ማረም ሙቀቱን ያጠፋል።

መግለጫና ማኅደር

በ1935 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው የአየርላንድ ፎክሎር (የሕዝብ ትውፊት) ኮሚሽን ያሰባሰባቸው ፎቶዎች ዛሬ በዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ደብሊን በሚገኘው ብሔራዊ የፎክሎር ስብስብ ተቀምጠዋል። ብዙዎቹ እስከ ዛሬ ያገለገሉት ቦታና ዘመን ስለተጻፈባቸው ነው። እርስዎም በዚያው ምሽት ይጻፉ፦ ስም ባለቤቱ በሚጽፈው አጻጻፍ፣ ቀን፣ የሥራው ደረጃ፣ የመሣሪያው አካባቢያዊ ስም፣ እንዲሁም የታውንላንዱ ስም። ታውንላንድ በአየርላንድ ትንሹ የመሬት ክፍፍል ነው፤ ከ60,000 በላይ አሉ፣ «ሜዮ» ብሎ መተው ምንም አይነግርም። ቤተሰቡ ቦታው እንዳይገለጽ ከጠየቀ ሁለት መግለጫ ያዘጋጁ፦ ሙሉው ለማኅደር፣ አጭሩ ለሕዝብ።

ፋይሎቹን በሁለት የተለያዩ ዲስኮች፣ በሁለት የተለያዩ ቤቶች ያስቀምጡ። ለቤተሰቡ 13 በ18 ሴንቲሜትር ያሳተሟቸውን ፎቶዎች ከቀጣዩ ቆረጣ በፊት ያድርሱላቸው፤ ጀርባው ላይ በለስላሳ እርሳስ ይጻፉ፣ የስክሪፕቶ ቀለም ወደ ፊተኛው ገጽ ሊያልፍ ይችላልና።