ሦስተኛው አረንጓዴ ሲቀር

የእህቴ ልጅ የበረራ ትምህርት ከጀመረች ገና ሁለት ወሯ ነው። ለገና ደብረ ብርሃን እናቷ ቤት ተገናኘን። ደጁ ውርጭ፣ ቤቱ ከሰል። ሁለተኛው ቡና ላይ "ጎማው አልወርድ ቢልስ?" አለችኝ። እናቷ ጆሮዋን ስታቆም አይቼ ወሬ ቀየርኩ። መልሱን እዚህ ልጻፍላት። አንቺ እያልኩ ስለምቀጥል ወንዶቹ እንዳትቀየሙ።

አሁን የምትማሪባት ሴስና 172 ጎማዋ ቋሚ ስለሆነ አይታጠፍም። የሷ ጣጣ መንጠር ነው። ስታርፊ ከነጠረች መሪውን ወደፊት አትግፊ፤ የፊት ጎማዋ ቀድሞ ይመታል። ጋዝ ሰጥተሽ ተነሺና እንደገና ሞክሪ። በቃ።

ወሬው ያለው ጎማቸው የሚታጠፈው ላይ ነው። እኔ ተማሪ ሳለሁ ለማረፍ ጎማ አወረድኩ። ጎማዎቹ ወርደው ሲቆለፉ ሦስት አረንጓዴ አምፖሎች መብራት ነበረባቸው፤ ሁለት በራ፣ የፊቱ ጨለመ። እጄ ማንሻው ላይ ዘሎ ወጣ። ወደ ላይ፣ ወደ ታች፣ ደግሞ ወደ ላይ ልል ስል አስተማሪዬ እጁን እጄ ላይ ጫነው።

"ነዳጃችን የስንት ሰዓት ነው?"

"የሁለት ሰዓት ተኩል።"

"ታዲያ ምን አስቸኮለህ?"

ከዚያ የበራውን አንዱን አምፖል በጣቱ ነቅሎ ጨለማው ቦታ ሰካው። በራ! ያን ሁሉ ላብ ያስወጣኝ ከሽንብራ የማይበልጥ የተቃጠለ አምፖል ነበር።

አንቺም ከዚህ ጀምሪ። መጀመሪያ ማረፉን ተይውና ከፍታ ያዢ። ለታወር፣ ለመቆጣጠሪያው ማማ፣ ንገሪ። አጎቴ አይሱዙ ሲነዳ ጣርማ በር ላይ ማርሽ የሚቀንሰው ገና ዋሻው አፍ ላይ ነው፤ ወደ ደብረ ሲና እየወረደ ፍሬኑ ከሸተተ በኋላ አይደለም። አንቺም ገና ከፍታ ላይ ሳለሽ አስቢበት።

ከዚያ ቼክሊስቱን አውጥተሽ በየተራ እዪ። ማስተር ስዊች፣ ዋናው የኤሌክትሪክ ማብሪያ፣ በርቷል? የጎማው ብሬከር፣ ኤሌክትሪኩን የሚያቋርጠው ቁልፍ፣ ዘሏል? ከዘለለ አንዴ መልሺው፤ ደግሞ ከዘለለ ተይው፣ እሳት አትጥሪ። ጎማዋ በሚታጠፈው ፓይፐር አሮው ላይ ደግሞ የፓነሉ፣ የመለኪያዎቹ ሰሌዳ፣ መብራት በርቶ ከተረሳ አረንጓዴዎቹ ስለሚደበዝዙ ቀን ላይ የጠፉ ይመስላሉ። ስንቱን አስደንግጧል መሰለሽ።

በእውነት ካልወረደ የመጠባበቂያው ዘዴ አለ። አሮው ላይ የአደጋ ጊዜ ማንሻው የሃይድሮሊኩን፣ ጎማውን የሚገፋውን ዘይት፣ ግፊት ይለቀዋል፤ ጎማው በራሱ ክብደት ይወድቃል። ጎማዋ በሚታጠፈው ሴስና 172 አርጂ ላይ በእጅሽ ትገፊያለሽ፤ ፓምፑ ሁለቱ ወንበሮች መሃል ነው። መጀመሪያ ፍጥነትሽን ማንዋሉ ወደሚለው ቀንሺ፤ ንፋሱ ከጎማው ጋር እንዳይታገል። አንዴ ከወረደ መልሰሽ አታጥፊው። ታወሩ አጠገብ ብታልፊ "የወረደ ይመስላል" ሊሉሽ ይችላሉ፤ መቆለፉን ግን ከታች ሆኖ ማንም አያይም።

ሁሉም እምቢ ካለ በሆድ ማረፍ ነው። ስሙ ያስፈራል እንጂ በትናንሽ አውሮፕላኖች ብዙ ሰው በእግሩ ይወጣበታል። አስፋልት ያለው ረጅም መንደርደሪያ ምረጪ፤ ሣር ላይ መሬቱ ከለሰለሰ ተቆፍሮ ሊይዝሽ ይችላል። ቢቻል ዝቅ ያለ አገር ይሁን። የፍጥነት መለኪያሽ 65 ኖት (በሰዓት 120 ኪሎ ሜትር ገደማ) ሲል ደብረ ብርሃን ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ እውነተኛው ፍጥነትሽ ወደ 75 ነው። በሆድ ለሚንሸራተት ሰው ይህቺ 10 ኖት ቀላል አይደለችም።

ቀበቶ አጥብቂ፣ የሚወረወር ነገር ሁሉ ይታሰር። ልታርፊ ስትቃረቢ በሩን ከመቆለፊያው አላቅቂው፤ አካሉ ከተጣመመ አይከፈትም። በተለመደው ፍጥነት ግቢ። መንደርደሪያው መድረስሽን ስታረጋግጪ ብቻ ነዳጁን፣ ከዚያ ማስተሩን አጥፊ። ፕሮፔለሩን ላድን ብለሽ ሞተሩን ከሩቅ እንዳታጠፊ። ፕሮፔለር ይገዛል። ከቆምሽ በኋላ ቦርሳ አትፈልጊ፤ ውጪና ራቂ።

ለነገሩ ብዙው ነገር መሬት ላይ ይታያል። ጠዋት ስትፈትሺ ጎንበስ በይ። የአውሮፕላኗ እግር ስር ቀይ ዘይት ጠብ ብሏል? እዚያ ጋ ሃይድሮሊክ ያፈሳል ማለት ነው። ጎማዋን የሚሸከመው ስትራት ውስጥ ያለው ጋዝ ደግሞ እንደኛ ሰው ነው፤ በብርድ ይኮማተራል። በውርጭ ማለዳ አውሮፕላኗ ወደ አንድ ጎን አጎንብሳ ካገኘሻት ዝም ብለሽ አትነሺ፤ መካኒኩን ጥሪው። ቡናውን አስተጓጉለሽ ቢሆንም።